መኪናው ያደርሳል፣ ብስክሌቱ ያሳያል

ስልኩን ከፍቶ ዩቲዩብ ወይም ቲክቶክ ላይ ትንሽ የቆየ ሰው ይህን ቪዲዮ ሳያየው አይቀርም። ወንዝ ዳር ነጭ መኪና ቆሟል። በሩ ሲከፈት ውስጡ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ መታጠቢያም አለ። ከኋላው ሁለት ብስክሌቶች ተሰቅለዋል። አንዲት ወጣት ቡናዋን ይዛ ደረጃው ላይ ቁጭ ትላለች። ቀጥሎ በአረንጓዴ መስክ መሃል በምትጠማዘዝ ጠባብ መንገድ ላይ ሳይክል ስትነዳ እናያታለን። 30 ሰከንድ፤ አለቀ።

ቪዲዮው ደስ ይላል፤ ማን ይጠላል? ግን ብዙ ነገር ሳይነግረን ነው የሚያልፈው። እዚያ ቦታ ማደር ይፈቀዳል ወይ? መኪናው ስንት ኪሎ ነው የሚችለው? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ልጅቷ 40 ኪሎ ሜትር ከነዳች በኋላ መኪናዋ ጋ በምን ተመለሰች?

ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ተራ ትመስላለች። እንዲህ ያለውን ጉዞ የምታሳምረውም የምታበላሸውም ግን እሷ ናት። መልሱን ለማየት ዛሬ ወደ ዳኑብ ወንዝ እንሂድ። በጀርመን፣ በኦስትሪያ ወይም በአጎራባቾቹ አገሮች ለምትኖሩ ወገኖቻችን የአንድ ቀን መንገድ ነው። ዘመድ ልትጠይቁ የምትሄዱም፣ ለጊዜው በስልክ ብቻ የምታዩትም ከጉዞው የምትወስዱት ነገር አይጠፋም።

ሁለቱ ለምን ተጣመሩ?

ሞተርሆም ማለት ባጭሩ ሞተር ያለው ቤት ነው። በጀርመን የሚኖሩት ዎንሞቢል ይሉታል። መተኛት፣ ማብሰል፣ መታጠብ ሁሉ በውስጡ ነው። ሆቴል መፈለግ የለም፣ ሻንጣ መፍታትና ማሰር የለም። ዝናብ ቢመጣ በር ዘግቶ ሻይ ማፍላት ነው።

ችግሩ ግዙፍነቱ ነው። ርዝመቱ ከ6 እስከ 7 ሜትር ይደርሳል። የአውሮፓ አሮጌ ከተሞች ደግሞ የተሠሩት ለፈረስና ለእግረኛ ነው። መንገዳቸው ጠባብ፣ መታጠፊያቸው ድንገተኛ፣ ማቆሚያቸው ጥቂት። ስለዚህ ሞተርሆም ብቻ ይዞ የሚጓዝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያየው አውራ ጎዳናውን፣ ነዳጅ ማደያውንና ማቆሚያ ቦታውን ነው። ከተማዋን ሊያይ መጥቶ ከከተማዋ ውጭ ይቀራል።

ብስክሌት የዚህ ተቃራኒ ነው። የትም ይገባል፣ የትም ይቆማል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ የዳቦ ቤቱ ሽታ ይደርሳችኋል፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰው ሰላም ይላችኋል። ግን ብስክሌት አልጋ የለውም። ረጅም መንገድ በሳይክል ብቻ የሚሄድ ሰው ድንኳኑን፣ ልብሱንና ድስቱን ሁሉ ጭኖ ነው ፔዳል የሚመታው። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲመታው ቆይቶ ማታ የሚያድርበትን ሲፈልግ፣ ደስታው ወደ ምሬት ይለወጣል።

እንግዲህ የሁለቱ ጋብቻ ከዚህ ይመጣል። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። መኪናው ያደርሳል፣ ያሳድራል፣ ያበላል። ብስክሌቱ ያሳያል።

ፈረስ የጠረገው መንገድ

ዳኑብ ከቮልጋ ቀጥሎ በአውሮፓ ረጅሙ ወንዝ ነው። ከጀርመን ጥቁር ደን ተነስቶ 2,850 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጥቁር ባሕር ይገባል። በዳርቻው ከሚሄዱት የብስክሌት መንገዶች በጣም ታዋቂው ክፍል ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ኦስትሪያዋ ቪየና ያለው ነው፤ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ክፍል ዩሮቬሎ 6 የሚባለው፣ ከፈረንሳይ የአትላንቲክ ዳርቻ እስከ ጥቁር ባሕር 10 አገሮችን የሚያቋርጠው መስመር አካል ነው። ዩሮቬሎ ማለት አህጉሩን የሚያገናኙ 17 ረጃጅም የብስክሌት መስመሮች መረብ ነው። ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ በኮከቦች የተከበበ 6 ቁጥር ካያችሁ መንገዱን አልሳታችሁም ማለት ነው።

ይህ መንገድ ለምን ለጀማሪ እንኳ እንደሚቀል ማወቅ ደስ ይላል። ድሮ ሞተር ሳይመጣ በፊት ጀልባ ወደ ወንዙ መውረጃ ሲሄድ ውሃው ይወስደዋል። ወደ ላይ ሲመለስ ግን የሚጎትተው ያስፈልገዋል። ጎታቾቹ ፈረሶች ነበሩ፤ ለእነሱም በወንዙ ዳርና ዳር መንገድ ተጠረገ። ፈረስ የጫነ ጀልባ እየጎተተ ዳገት አይወጣምና መንገዱ ሜዳ ሆነ። ዛሬ ሳይክል የሚነዳበት መንገድ በብዙ ቦታ ያው የፈረሶቹ መንገድ ነው። ፓሳው ከባሕር ጠለል በላይ 300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ቪየና ደግሞ 160 ሜትር ገደማ። በ320 ኪሎ ሜትር ውስጥ 140 ሜትር ያህል ብቻ ነው ቁልቁል የሚወረደው። የእንጦጦን ዳገት ለሚያውቅ ሰው ይህ ዳገትም ቁልቁለትም አይባልም!

ነፋሱም ብዙ ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ከፓሳው ወደ ቪየና የሚነዳ ሰው ውሃውም ነፋሱም አብረውት ይሄዳሉ። በተቃራኒው የሚነዳ ግን ቀኑን ሙሉ ነፋስ ሲገፋ ሊውል ይችላል።

ያዝ ለቀቅ እያደረጉ አራት ማረፊያ

ሳይክል ብቻ የያዙ ሰዎች ይህን መንገድ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ይጨርሱታል። ሞተርሆም ያለው ሰው ግን እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር መንዳት አይጠበቅበትም። አሰልቺውን ክፍል በመኪና ያልፈዋል፣ ቆንጆውን በብስክሌት ያጣጥመዋል። በአራት ማረፊያ እንዲህ ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያዋ ፓሳው ናት። ዳኑብ፣ ኢን እና ኢልዝ የሚባሉ ሦስት ወንዞች የሚገናኙባት ከተማ ነች። መኪናውን እዚያ አቁሞ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ ሽሎገን ይደረሳል። እዚህ ወንዙ ጠንካራ ድንጋይ ገጥሞት ሙሉ በሙሉ ይታጠፋል፤ ወደ መጣበት አቅጣጫ የሚመለስ ይመስላል። ብስክሌቱን ከታች ቆልፎ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ዳገቱን የወጣ ሰው ጠመዝማዛውን ከላይ ያየዋል። ስልኩ ባትሪ ይኑረው ብቻ።

ሁለተኛዋ ማረፊያ ከሊንዝ ከተማ በታች ያለው አካባቢ ነው። እዚህ ውብ መልክዓ ምድር ብቻ አይደለም የሚጠብቀን። ከሊንዝ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ማውትሃውዘን አለ። ናዚዎች እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1945 ያቆሙት የማጎሪያ ካምፕ ነው። በማውትሃውዘንና በሥሩ በነበሩ ካምፖች 190 ሺህ ያህል ሰዎች ታጉረው ቢያንስ 90 ሺዎቹ ሞተዋል። እስረኞቹ የድንጋይ ሸክም ይዘው ይወጡት የነበረው 186 ደረጃ እስከ ዛሬ አለ። ካምፑ ከመንደሩ በላይ ኮረብታ ላይ ስለሆነ በሳይክል ዳገቱ ይከብዳል። ሆኖም መታለፍ የሌለበት ቦታ ነው። በመኪና አውራ ጎዳናው ላይ የሚበር ሰው ስሙን በሰሌዳ አይቶ ያልፋል። በብስክሌት የመጣ ግን ያንን ሰላማዊ መንደር በዓይኑ ሲያይ፣ ‹‹ይህ ሁሉ የሆነው ሰው እየኖረበት ነው እንዴ?›› ማለቱ አይቀርም።

ሦስተኛዋ ሜልክ ናት። ከወንዙ በላይ አለት ላይ የተቀመጠ ቢጫ ገዳም አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1089 የተመሠረተ። ከሜልክ እስከ ክሬምስ ያለው ሸለቆ ዋካው ይባላል። 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ኮረብታው እንደ ኮንሶ እርከን በድንጋይ ካብ ተደርድሮ ወይን ተተክሎበታል። የአፕሪኮት ዛፎቹ በመጋቢትና ሚያዝያ ያብባሉ፣ በሐምሌ ፍሬያቸው መንገድ ዳር ይሸጣል። መሃል ላይ ዱርንሽታይን አለች። የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ አንበሳ ልቡ ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ እ.ኤ.አ. በ1192 ተይዞ የታሰረባት ምሽግ ፍርስራሹ ዛሬም ከከተማዋ በላይ ይታያል። በዱርንሽታይን ጠባብ የድንጋይ መንገድ 7 ሜትር መኪና ይዞ መግባት የማይታሰብ ነው። በሳይክል ግን በሩን አልፎ መግባት ነው።

አራተኛዋ ቱልን ናት። ከዚያ ቪየና 35 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ቪየና መሃል ሞተርሆም ይዞ ማቆሚያ መፈለግ ራስ ምታት ነው። ስለዚህ መኪናውን ቱልን ትቶ በወንዙ ዳር እየነዱ ዋና ከተማዋ ውስጥ መግባት፣ ማታ በባቡር መመለስ።

የመመለሻዋ ነገር

አሁን ወደዚያች ጥያቄ እንመለስ። ሁልጊዜ 40 ኪሎ ሜትር ሄዶ 40 መመለስ ለብዙ ሰው ይከብዳል፤ ያየውን መንገድ ደግሞ መልሶ ማየትም ነው። ዳኑብን ዳኑብ ያደረገው ለዚህ አራት መልስ ስላለው ነው።

አንደኛው ባቡር ነው። ከፓሳው በሊንዝ በኩል ቪየና የሚሄድ የባቡር መስመር አለ። የኦስትሪያ የክልል ባቡሮች ለብስክሌት ቲኬት ከፍለው ይጭናሉ፤ ፈጣኖቹ ባቡሮች ላይ ግን ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። በጀርመን ለምትኖሩ አንድ ማስታወሻ፦ ዶይችላንድቲኬት ሰውን እንጂ ብስክሌትን አይጨምርም። የሳይክሉ ለብቻው ይከፈላል።

ሁለተኛው መርከብ ነው። ከሜልክ ክሬምስ የሚመላለሱት የመንገደኛ መርከቦች ብስክሌት ይጭናሉ፤ የሚሠሩት ከፀደይ እስከ መኸር ባለው ወቅት ነው። ልብ በሉ፣ መርከቡ ከሜልክ ወደ ክሬምስ ሲወርድ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ሲመለስ ግን ውሃውን እየተጋፋ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጊዜ ያለው ሰው በሳይክል ወርዶ በመርከብ ቀስ እያለ ይመለሳል፣ እግሩንም ያሳርፋል። 

ሦስተኛው ትንሿ ጀልባ ናት። መንገዱ በብዙ ቦታ በወንዙ ግራና ቀኝ ስላለ በአንዱ ዳር ሄዶ በሌላው መመለስ ይቻላል። ድልድይ በሌለበት ሰውና ሳይክል የሚያሻግሩ ጀልባዎች አሉ። ከእነሱ መሃል ሽፒትስ በምትባለው መንደር ያለው በጣም ይገርማል። ከወንዙ በላይ በተዘረጋ ገመድ ተይዞ፣ ያለ ሞተር፣ በውሃው ግፊት ብቻ ነው የሚሻገረው።

አራተኛውና ለእኛ በጣም የሚስማማን መልስ ሰው ነው። ከተጓዦቹ አንዱ መኪናውን ይዞ ወደፊት ይሄዳል፣ ሌሎቹ በሳይክል ይመጣሉ። በማግስቱ ተራ ይለዋወጣሉ።

እናት የት ይሁኑ?

ይህ አራተኛው መልስ ከመመለሻም በላይ ነው። አብዛኛው የረጅም ርቀት የብስክሌት ጉዞ አቅም ያለውንና የሌለውን ይለያያል። ጉልበታም ጓደኛ ይቀድማል፣ ደካማው ይቀራል፤ የማይነዳው ከነአካቴው ቤት ይቀራል። በሐበሻ ቤተሰብ ደግሞ ‹‹አንተ ቅር፣ እኛ እንሂድ›› ማለት ቀላል አይደለም።

እስቲ አስቡት። እናት ከአዲስ አበባ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ፍራንክፈርት መጥተዋል። የሼንገን ቪዛ ቢበዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው የሚያስቆየው፤ ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ልጆቹ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ነው ያላቸው። እናት ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሳይክል ነድተውም አያውቁም። ታዲያ ቤት ተቀምጠው ቴሌቪዥን ይዩ? ወይስ ልጆቹ የሚወዱትን ነገር ትተው ገበያ ለገበያ ይዙሩ?

ሞተርሆም ይህን ቋጠሮ ይፈታል። ልጆቹ ጠዋት ከሜልክ ይነሳሉ። እሳቸው ከሚነዳው ልጅ ጋር ገዳሙን ጎብኝተው፣ በመስኮት ወንዙን እያዩ ክሬምስ ይወርዳሉ። ወይም በዚያው መርከብ ይሳፈራሉ። ልጆቹ በዳሩ እየነዱ እጃቸውን ያውለበልቡላቸዋል። ማታ ሁሉም አንድ ቦታ ይገናኛል፣ ራቱም አንድ ላይ ይበላል። ለአረጋዊም፣ ለነፍሰ ጡርም፣ ለትንሽ ልጅም ያው ነው። ሁሉም በየአቅሙ ይሄዳል፤ የሚቀር የለም።

ጉልበት ለሚያንሰው ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት አለ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሞተሩ እስከ 250 ዋት ሆኖ በሰዓት እስከ 25 ኪሎ ሜትር ያግዛል፤ ከዚያ በላይ ራስ ነው። ይህ ዓይነቱ መንጃ ፈቃድ አይጠየቅበትም። በኦስትሪያ ልጆች የራስ ቆብ ማድረግ ግዴታቸው መሆኑን አትርሱ። ወይን ሸለቆ ነው ብሎ መንገድ ላይ ለሚደግምም፣ ሳይክል ነጂ በአልኮል እንደሚጠየቅ ማወቅ ይበጃል።

ስንቁስ? የእኛ አባቶች የመንገድ ምግብ እንደ ተሠራለት ነው ለዚህ ጉዞ የሚሆነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ። አይበላሹም፣ ቦታ አይዙም፣ ጉልበት ይሰጣሉ። ፔዳል ሲመታ የዋለ ሰው ማታ ድርቆሽ ፍርፍር ሲቀርብለት ምን እንደሚሰማው መናገር አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ የሚመጡ እናቶች ግን ቋንጣና ቂቤ ሻንጣቸው ውስጥ ባይከቱ ይሻላል። ከኅብረቱ ውጭ የሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት የተከለከለ ነው፤ ጉምሩክ ይወስደዋል።

ቪዲዮው ያልነገረን

አሁን ወደ ጠንከር ያለው ነገር እንምጣ።

ክብደት። በአውሮፓ ተራው መንጃ ፈቃድ፣ ማለትም ቢ፣ እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ለሚመዝን መኪና ነው። ይህ መኪናው ባዶውን ሳይሆን ሰውና ዕቃ ተጭኖ ነው። አንድ ሞተርሆም ባዶውን 3,000 ኪሎ ይመዝናል እንበል። አራት ሰው በ75 ኪሎ ሲታሰብ 300 ይሆናል። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌት 50 ኪሎ። ቀሪው 50 ኪሎ ብቻ ነው፤ በእሱ ውስጥ ልብሱ፣ ምግቡ፣ ጋዙ፣ ወንበሩ ሁሉ መግባት አለበት። ስለዚህ ውሃውን ሞልቶ መጓዝ ትርፍ ነው፤ ሲደርሱ መቅዳት ይቻላል። የኋላው የብስክሌት መስቀያም የራሱ ልክ አለው፤ ብዙዎቹ ከ60 ኪሎ አያልፉም፣ በቫን በር ላይ የሚንጠለጠሉት ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳሉ። ባትሪዎቹን ነቅሎ ውስጥ ማስገባት ጭነቱን ያቀልላል። ሳይክሎቹ ሰሌዳውንና የኋላ መብራቱን እንዳይሸፍኑም ማየት ያስፈልጋል።

ክፍያ። በኦስትሪያ አውራ ጎዳና እስከ 3,500 ኪሎ ያለ መኪና ቪኜት ይገዛል። ከዚያ በላይ የሆነ ግን በኪሎ ሜትር የሚያስከፍል መሣሪያ መኪናው ላይ መግጠም አለበት። ኪራዩን በተመለከተ በሐምሌና ነሐሴ ዋጋው ጣሪያ ይነካል፤ በግንቦት ወይም በመስከረም ይቀንሳል፣ መንገዱም ሰው አይበዛበትም። አከራዮች የዕድሜ ገደብ ስላላቸውና መንጃ ፈቃዱ ስንት ጊዜ እንደ ቆየም ስለሚጠይቁ ወጣቶች ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አጣሩ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ይዛችሁ ጀርመን መኖር ከጀመራችሁ ደግሞ የሚያገለግላችሁ ለ6 ወር ነው።

ማደሪያ። ቪዲዮው ላይ እንዳለችው ልጅ ወንዝ ዳር ዝም ብሎ ማቆም በብዙ ቦታ አይቻልም። በጀርመን ማቆም በተፈቀደበት መንገድ ላይ፣ ነጂው አርፎ ለመንዳት እንዲበቃ ለአንድ ሌሊት መተኛት ይታለፋል። ወንበርና ጠረጴዛ አውጥቶ መዘርጋት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቅጣት ያመጣል። ኦስትሪያ ደግሞ ጠንከር ትላለች፤ ክፍለ ግዛቶቹና ከተሞቹ የየራሳቸው ክልከላ አላቸው። መፍትሔው ሽቴልፕላትስ የሚባሉት የሞተርሆም ማቆሚያዎች ናቸው። ብዙ ትንንሽ ከተሞች አዘጋጅተዋቸዋል፤ ውሃ ይቀዳል፣ ቆሻሻ ውሃና የመጸዳጃው ሳጥን በደንቡ ይደፋል። አዎ፣ መጸዳጃውን የሚደፋው ራሱ ተጓዡ ነው። ይህንንም ማንም በቪዲዮ አያሳይም። ማቆሚያ ለማግኘት ፓርክ ፎር ናይት፣ የሳይክል መንገድ ለማውጣት ደግሞ ኮሙት የሚባሉት መተግበሪያዎች ብዙ ሰው ይጠቀምባቸዋል። ካርታውን ኢንተርኔት ባለበት አውርዶ መያዝ ነው።

ውሃ። ወንዝ ዳር ማደር ያምራል፤ ወንዝ ግን ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ዳኑብ ፓሳው ላይ 12.89 ሜትር ደርሶ አሮጌውን ከተማ አጥለቅልቆ ነበር። በመስከረም 2024 ደግሞ ታችኛው ኦስትሪያን ከባድ ጎርፍ መታው። ከመተኛት በፊት የአየር ሁኔታና የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ማየት የስልክ አንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ከሰል። ይህችን በተለይ ለእኛ ነው የምናነሳት። ሰብሰብ ሲባል ቡና ይፈላል፤ ቡና ከተፈላ ከሰልና ዕጣን ይመጣል። ሞተርሆም ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ግን ሞት መጥራት ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጠባብና የተዘጋ ቦታ ውስጥ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ብርድ ነው ብሎ ጠፍቷል የተባለውን ምድጃ ወደ ውስጥ ማስገባትም ያው ነው። ቡናው በጋዙ ምድጃ ይፈላ፣ መስኮቱ ይከፈት፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚጠቁም መሣሪያም ከመኪናው አይጥፋ። ውጭ ከሰል ማንደድ የሚፈቀድ መሆኑም የቦታውን ደንብ አይቶ ነው።

ዋናው ነገር መኪናው አይደለም

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። ቪዲዮው ዓይናችንን የሚወስደው መኪናው ላይ ነው። ብዙ ወጣት ‹‹ይህን መኪና ስገዛ ነው የምኖረው›› ይላል። የዳኑብን ጉዞ የሚያስችለው ግን መኪናው አይደለም። ሜዳ የሆነው የፈረሶች መንገድ ነው፣ ሳይክል የሚጭነው ባቡር ነው፣ የምታሻግረው ጀልባ ናት፣ ትንሹ ከተማ ለእንግዳ ያዘጋጀው ማቆሚያ ነው። እነዚህ ባሉበት ሞተርሆም የሌለው ሰው እንኳ በተራ መኪናና በድንኳን ያው ደስታ ይደርሰዋል። እነዚህ በሌሉበት ደግሞ የሚሊዮን ብር መኪና ቢያዝ ሳይክሉ ከኋላ እንደ ጌጥ ተሰቅሎ ይመለሳል።

እዚያው አውሮፓ ሌላ ምሳሌ አለ። ከጀርመኗ አኽን ተነስቶ በቤልጂየም አድርጎ ሰሜን ሉክሰምበርግ የሚደርሰው ቬንባን የሚባል የሳይክል መንገድ 125 ኪሎ ሜትር ነው። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ባቡሩ ሲቀር መስመሩ አልተጣለም፤ አስፋልት ለበሰና ለብስክሌት ዋለ። ባቡርም እንደ ፈረሱ ዳገት አይወድም፤ ስለዚህ መንገዱ ለስላሳ ነው። አሮጌ ሐዲድ ላለን ለእኛም የሚያሳስብ ነገር ነው።

አገር ቤት ሞተርሆም ብርቅ ነው። ሜዳና ውሃ ዳር ግን ብርቅ አይደለም። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ድሮም የሳይክል ከተሞች ናቸው፤ አዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር እያገኘች ነው። አራት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው ሚኒባስ ቢኮናተሩ፣ ሳይክሎቹን ፖርቶመጋላው ላይ ቢያስሩ፣ ሹፌሩ 30 ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ ቢጠብቃቸው፣ ነገሩ ያው ነው። የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ አስቀድሞ መጠየቅ፣ በጠባብ አስፋልት ከከባድ መኪና ጋር አለመጋፋት፣ ከመምሸቱ በፊት መግባት፤ ይኼ የእኛ ተጨማሪ ደንብ ነው።

የትም ብትሆኑ አሠራሩ አይለወጥም። ካርታ ላይ ሜዳ የሆነ 40 ኪሎ ሜትር ፈልጉ። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ እዩ። ከመነሳታችሁ በፊት ‹‹በምን እንመለሳለን?›› ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ደግሞ ‹‹የማይነዳው ሰው የት ይሁን?›› በሉ። ለሁለቱ መልስ ካላችሁ መኪናው ቤት ያለውም ይሁን የሌለው፣ ተነሱ።